በቅሎ ተከልክሎ ነዳጅ የተፈቀደበት ማዕቀብ

በ1928 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ፖርት ሰይድ ላይ፣ በሱዌዝ ካናል አፍ ተራቸውን ከሚጠብቁት መርከቦች መካከል የጣልያንን ባንዲራ ያነገቡት ብዙ ነበሩ። የጫኑት ወታደር፣ የጭነት መኪናና ቦምብ ወደ ምጽዋና ወደ ሞቃዲሾ የሚሄድ ነው። የካናሉ ኩባንያ አሠራር እንደ ወትሮው ነበር፦ የመርከቡ ልክ ይሰላል፣ የተሳፋሪው ቁጥር ይመዘገባል፣ የማለፊያው ሒሳብ ይከፈላል፣ መርከቡ ያልፋል። ያ ሁሉ ጦር ወዴት እንደሚሄድ ያላወቀ ሰው በወደቡ አልነበረም፤ የሒሳብ መዝገቡ ግን የመድረሻን ዓላማ የሚጽፉበት ዓምድ የለውም። ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱን ፓሪስ ያደረገ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ቁስጥንጥንያ ላይ የተፈረመው ስምምነት ካናሉ በሰላምም በጦርነትም ጊዜ ለማንኛውም አገር የንግድም ሆነ የጦር መርከብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። ከአክሲዮኑ 44 በመቶው የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ነበር፤ ያው ጄኔቭ ላይ ጣልያን እንድትቀጣ ግንባር ቀደም ሆኖ ይናገር የነበረው መንግሥት። መስከረም 22 ቀን መረብን የተሻገረው ጦር ስንቅና ጥይቱ ይመጣለት የነበረው በዚሁ በር ነው።

መቀመጫው ጄኔቭ የነበረው የመንግሥታት ማኅበር ጣልያን ቃል ኪዳኑን አፍርሳለች ብሎ የፈረደው ጦርነቱ በተጀመረ በአራተኛው ቀን ነው። ሃምሳ የሚሆኑ አባል አገሮች ተስማሙ፤ ኦስትሪያ፣ ሀንጋሪና አልባኒያ አንተባበርም አሉ። ማዕቀቡ እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 1935 ሥራ ላይ ዋለ። ለጣልያን መሣሪያ መሸጥ፣ ገንዘብ ማበደር፣ የጣልያንን ዕቃ መግዛት ተከለከለ። ወደ ጣልያን እንዳይላኩ የታገዱት ሸቀጦች ዝርዝርም ወጣ፤ ጎማ፣ ቆርቆሮ፣ ኒኬልና አሉሚኒየም አለበት፤ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመልም አለበት። አሉሚኒየም ጣልያን ራሷ በበቂ የምታመርተው ነው። ነዳጅ ዘይት፣ የድንጋይ ከሰልና ዐረብ ብረት ግን በዝርዝሩ የሉም። የዘመኑን ጦርነት የሚያሽከረክረው ቤንዚን ሳይታገድ የሚሸከመው በቅሎ ታገደ ማለት ነው። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ጄኔቭ የነበራት መልስ፣ ብንከለክል ገለልተኞቹ ይሸጡላታል፣ የእኛ ነጋዴ ገበያውን ከማጣት በቀር የሚገኝ ጥቅም የለም የሚል ነበር። ይህ መልስ ከዚያ ወዲህ በየማዕቀቡ ተደጋግሞ ስለሚሰማ ከሥሩ መመርመር አለበት።

እኔ የምከራከረው እንዲህ ብዬ ነው። ገለልተኛነት የመንግሥት አቋም ነው፤ ኩባንያ ገለልተኛነት የለውም፣ ያለው ሒሳብ ነው። በገለልተኛ አገር የተቋቋመ ድርጅት ማዕቀብን የሚያከብረው ወይም የሚጥሰው፣ ማዕቀቡ እሱ ሊያጣው ከማይፈልገው ነገር ላይ እጁን ያሳረፈ መሆን አለመሆኑን አይቶ ነው። ያ የማይታጣ ነገር ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል፤ አንድ ጊዜ የድንጋይ ከሰል፣ አንድ ጊዜ ሌላ አገር ያለ ፋብሪካ፣ ዛሬ ደግሞ የዶላር ሒሳብ ነው። ቀጪዎቹ መንግሥታት ያንን እንደሚያውቁና ሲፈልጉም እንደሚጠቀሙበት ማስረጃው ሰፊ ነው። ስለዚህ ገለልተኞቹ አፈረሱብን የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው፤ ሳይፈልጉ የቀሩትን አልቻልንም ለማለት የገለልተኛውን ነጋዴ ስም ይዋሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1935 (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዋናዋ ገለልተኛ አሜሪካ ነበረች። የማኅበሩ አባል አይደለችም፤ በነሐሴ መጨረሻ የወጣው የገለልተኛነት ሕጓ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ለተዋጊዎች መሣሪያ እንዳይሸጥ እንዲያግድ ያዛል፤ ስለ ነዳጅ፣ ስለ መዳብ፣ ስለ መኪና የሚለው የለም። ሩዝቬልት ጥቅምት 5 ቀን የመሣሪያ ዕገዳውን በሁለቱም ወገን ላይ አወጁ። ከዚያ በኋላ ወደ ጣልያንና ወደ ቅኝ ግዛቶቿ የሚጫነው የአሜሪካ ነዳጅ ከወትሮው እጅግ አሻቀበ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ሀል ኅዳር 15 ቀን መግለጫ አውጥተው ነዳጅ፣ መዳብ፣ የጭነት መኪና፣ ትራክተር፣ ውድቅዳቂ ብረትና ዐረብ ብረት የጦርነት መሠረታዊ ዕቃዎች መሆናቸውን፣ ሽያጫቸውም እየጨመረ መሄዱን፣ ይህም ከመንግሥት ፖሊሲ ጋር የሚጻረር መሆኑን ተናገሩ። የሞራል ዕገዳ የሚባለው ይህ ነው። መግለጫው ነጋዴውን ሊያሳፍር ይችል ይሆናል፤ ሒሳቡን የሚነካ አንቀጽ ግን አልነበረውም፤ ስለዚህ ጭነቱ ቀጠለ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጥርስ አወጣ፦ ለመንግሥት ዕዳ ያለባቸው የመርከብ ድርጅቶች ወደ ጦርነቱ ቀጠና ነዳጅ እንዳይጭኑ በአበዳሪያቸው በኩል ተነገራቸው። ባለዕዳ የአበዳሪውን ቃል ይሰማል፤ ዕዳ የሌለበት ሌላው ሁሉ ሥራውን ቀጠለ።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ መንግሥት ሕግ ሳይኖረው የግል ኩባንያን ምን ሊያደርገው ይችላል? ሕግ ማውጣት የኮንግረሱ ሥልጣን ነበር፤ ኮንግረሱ ደግሞ ከአውሮፓ ጠብ መራቅ በሚሻ ሕዝብ የተመረጠ ነው። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ሀል መግለጫቸውን ከማውጣታቸው ሁለት ወር ተኩል በፊት አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ነሐሴ 30 ቀን ፍራንሲስ ሪኬት የተባለ እንግሊዛዊ ደላላ፣ በአሜሪካው ስታንዳርድ ቫኪዩም የነዳጅ ኩባንያ ሥር ባለ ድርጅት ስም፣ የኢትዮጵያን እኩሌታ የሚያህል መሬት ነዳጅና ማዕድን ለ75 ዓመት የሚፈልግበትን ውል ፈረመ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ውሉን የሰጡት ምን ለማግኘት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ የአሜሪካ ገንዘብ የተቀበረበትን መሬት ሙሶሊኒ ለመውረር ያመነታል ብለው ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የኩባንያውን ኃላፊዎች ጠርቶ ውሉ አገራቸውን ለችግር እንደሚዳርግ ነገራቸው። ሳምንት ሳይሞላ ኩባንያው ውሉን ተወው። የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም፣ የተላለፈ ቅጣትም የለም። በባሕር ማዶ የዲፕሎማቶችን ጥላ የሚፈልግ የነዳጅ ኩባንያ መንግሥቱን ሊያስቀይም እንደማይደፍር ሁለቱም ወገኖች ያውቁ ነበር፤ ያ በቂ ሆነ።

ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ልቤን የሚያነደው ይህ ነው። ለኢትዮጵያ ጋሻ ሊሆን ይችል የነበረው ውል በጥቂት ቀናት በአንድ የቢሮ ውይይት ፈረሰ፤ ጣልያንን የሚያሽከረክረው ነዳጅ ግን የደረሰበት በጋዜጣ የታተመ ወቀሳ ብቻ ነው። ኩባንያዎቹ በሁለቱም ጊዜ ያው ጠባይ ነበራቸው። የተለወጠው የመንግሥቱ ፍላጎት ነው፤ በመጀመሪያው ከምሩ ፈለገ፣ በሁለተኛው መፈለጉን ብቻ አስታወቀ። ሽያጩን ማስቆም የሪኬትን ውል እንደ ማፍረስ ቀላል አልነበረም ሊባል ይችላል፤ ሻጮቹ ብዙ ናቸው፣ ገንዘቡም ትልቅ ነው። ይህን እቀበላለሁ። ግን ያልተሞከረን ነገር አይቻልም ነበር ማለት ሌላ ነው።

ስዊዘርላንድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ገለልተኛ ናት። የማኅበሩ አባል፣ ጄኔቭ ላይ ማኅበሩን ያስተናገደች፣ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1920 ለንደን ላይ በተሰጠ መግለጫ ከወታደራዊ ማዕቀብ ነጻ የተደረገች፤ የኢኮኖሚውን ግን ልትካፈል ቃል የገባች። የውጭ ጉዳይ ኃላፊዋ ጁሴፔ ሞታ ጣልያንኛ ተናጋሪ ከሆነው ከቲቺኖ የመጡ ናቸው፤ ጣልያን ጎረቤት ናት፣ ትልቅ ገበያም ናት። መንግሥቷ የወሰነው ከሁለት የተከፈለ ነበር፦ የብድሩን ዕገዳ ተቀበለች፣ የጣልያንን ዕቃ አልገዛም ማለትን ግን ትታ ንግዷን ከ1934 መጠን እንዳያልፍ ብቻ ገደበች። መሣሪያ መሸጥን በተመለከተ የ1907ቱን የሄግ ስምምነት ጠቅሳ በጣልያንም በኢትዮጵያም ላይ እኩል ከለከለች፤ ማኅበሩ ግን የኢትዮጵያ ዕገዳ እንዲነሣ ነበር የጠየቀው። ለገለልተኛ ሕግ እኩልነት ይህ ነው። ጣልያን ግን መድፉንም አውሮፕላኑንም በራሷ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ኢትዮጵያ አውሮፕላን የምትመታባቸው ጥቂት መድፎች ነበሯት፤ ከእነሱ መካከል ዙሪክ አጠገብ ኦርሊኮን የተሠሩት ይገኙበታል፣ ተጨማሪ ከዚያ መግዛት ተዘጋባት። አንዱ የማያስፈልገውን፣ ሌላው የሚሞትበትን ነገር እኩል መከልከል በወረቀት እኩል ነው፤ ሰማዩ ላይ ግን ለአንዱ ብቻ ይፈርዳል። በ1936 ታኅሣሥ ስዊዘርላንድ ጣልያን በኢትዮጵያ ላይ ያላትን ግዛት ዕውቅና ሰጠች።

የኦርሊኮን መድፍ ፋብሪካ መዝገብ ከዚያ በኋላ የሚነግረን አለ። ባለቤቱ ኤሚል ቡርለ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ ለፈረንሳይና ለእንግሊዝ ይሸጥ ነበር። በ1940 ክረምት ፈረንሳይ ወድቃ ስዊዘርላንድ በአክሲስ ኃይሎች በተከበበች ጊዜ ያንኑ መድፍ ለጀርመንና ለጣልያን መሸጥ ጀመረ። የሰውየው እምነት ተለወጠ ለማለት ማስረጃ የለም፤ የተለወጠው በሩ ነው። የድንጋይ ከሰል ከጀርመን ይመጣል፣ የመውጫው መንገድ በጀርመን እጅ ነው፣ ገዢው ጀርመን ነው። ያለ ከሰል ፋብሪካ አይንቀሳቀስም፤ ፋብሪካ ከቆመ ሠራተኛ ይበተናል። በዚህ ሁኔታ ያለን ድርጅት ከማውገዝ በፊት ምን ምርጫ እንደነበረው መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ቢሆንም ትርፉ ከማስገደድ እጅግ የበለጠ ስለነበር ጥያቄው ለቡርለ ነጻ መውጫ አይሆንም።

ማዕቀብ ከምር ሲታሰብ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ስዊድን መሄድ ነው። የጋራዥ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኩሽኔታ፣ ስሙን ራሱን ከጣልያንኛ የወረስነው ክብ ብረት፣ ያለ እሱ የሚሽከረከር ሞተር የለም፤ አውሮፕላንም ታንክም ሰርጓጅ መርከብም አይንቀሳቀስም። የዓለም ትልቁ አምራች በ1907 ዮቴቦርይ ላይ የተመሠረተው ኤስ ኬ ኤፍ ነበር። ይህ ድርጅት በጦርነቱ ወቅት በሁሉም ወገን ቤት ነበረው፦ በስዊድን ዋናው ፋብሪካ፣ በጀርመን ሽዋይንፉርት ከተማ ትልልቅ ፋብሪካዎች፣ በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ሌላ እህት ድርጅት። ጥቅምት 14 ቀን 1943 የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ሽዋይንፉርትን ሊመቱ 291 ሆነው ተነሡ፤ 60ዎቹ አልተመለሱም፣ ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎች በአንድ ቀን ጠፉ። አሜሪካውያኑን ያንገበገባቸው ሰዎቻቸው የሞቱበትን ጉድለት ጀርመን ከስዊድን በመግዛት ልትሞላው መቻሏ ነው። በዚያው ወር ደግሞ እንግሊዞች የንግድ ባንዲራ ባነገቡ ፈጣን ጀልባዎች ከአገራቸው ከሀል ወደብ በሌሊት እየተነሡ ስዊድን ውስጥ ሊሴኪል ይደርሱ፣ ከዚያው አምራች ኩሽኔታ ጭነው በጀርመኖች መካከል ሾልከው ይመለሱ ነበር፤ በአንድ የብርድ ወቅት ወደ 350 ቶን አመጡ፤ የቀረውን ሞስኪቶ አውሮፕላኖች በሆዳቸው ጭነው ያመላልሱት ነበር። አንድ ሻጭ ለሁለት ጠላቶች፤ ሕጉም ይፈቅድለታል።

በ1943 መስከረም የተፈረመ የንግድ ስምምነት የስዊድንን የኩሽኔታ ሽያጭ ቢገድበውም ጀርመን በሌላ ዓይነት፣ በሌላ መጠን፣ በማምረቻ መሣሪያ መልክ መግዛቷን አላቆመችም። የስዊድን መንግሥት ውላችንን እያከበርን ነው አለ፤ በፊደሉ ከሄዱበት ትክክል ነበር። በ1944 ግንቦት አሜሪካ ስታንተን ግሪፊስ የተባለውን፣ ከፓራማውንት የፊልም ኩባንያ አመራር የመጣውን ነጋዴ ስቶክሆልም ላከች፤ የላከችው ግን ከመንግሥቱ ይልቅ ከኩባንያው ጋር እንዲነጋገር ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ግሪፊስ ይዞ የሄደው ሁለት ነገር ነበር፦ በአንድ እጁ ጥቁር መዝገብና የፊላዴልፊያው ንብረት አደጋ፣ በሌላው እጁ ጀርመን ላይ የሚታጣውን ገቢ የሚክስ ገንዘብና ትእዛዝ። የሳምንታት ንግግር ከተካሄደ በኋላ፣ በሰኔ፣ ኩባንያው ለጀርመን የሚልከውን በብዛት ሊቀንስ ፈረመ፤ በመጸው ደግሞ ጭራሽ ተቋረጠ። ስዊድን ከዚያ በፊትም በኋላም ገለልተኛ ነበረች። ባንዲራዋ ሳይለወጥ የአንድ ድርጅት ሒሳብ ብቻ ተለወጠ።

ጥቁር መዝገቡ ራሱ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ ሳትገባ፣ ሐምሌ 17 ቀን 1941፣ በላቲን አሜሪካ ያሉ ወደ 1,800 የሚሆኑ ድርጅቶችንና ግለሰቦችን ስም አወጣች፤ ከእነሱ ጋር የሚነግድ አሜሪካዊ ይቀጣል፣ ሒሳባቸው ይታገዳል። መዝገቡ እያደገ ሄዶ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም እስከ 1946 ክረምት ቆየ። በዊንተርቱር የሚገኘው ሱልዘር የተባለው የስዊስ የማሽን አምራች፣ ለአክሲስ የምሸጠውን እገድባለሁ የሚል ቃል አልፈርምም ስላለ በ1943 ጥቅምት ተመዘገበ። ስዊሶች ተቆጡ፤ በሉዓላዊነታችን ገቡ አሉ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ በራሱ አገር ሕግ ያልተከለከለውን ሥራ በመሥራቱ በባዕድ መንግሥት መቀጣት ለማንም አይዋጥም። ሌሎቹ አምራቾች ግን የሱልዘርን ዕጣ አይተው ከጦርነቱ በኋላ ያለውን ገበያቸውን ማስላት ጀመሩ።

ለራሴ ክርክር የሚያስቸግረውንም ላንሣ። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ የቦምብ ድብደባ ጥናት ሲወጣ፣ በኩሽኔታ እጦት የቆመ ወሳኝ የጀርመን የጦር ምርት ሊያገኝ አልቻለም። ጀርመኖች ክምችት ነበራቸው፣ ፋብሪካ በተኑ፣ የማሽን ንድፍ ለውጠው በጥቂት ኩሽኔታ መሥራት ለመዱ። ታዲያ ኤስ ኬ ኤፍን ማስፈረሙ ምን ፈየደ ቢባል መልሱ ትሑት ነው፤ ዘግይቶ ስለመጣ የፈየደው ጥቂት ነው። ኩባንያው ግን መሸጡን አቁሟል፤ የእኔም ክርክር ስለዚያ ነው። አንድን ገለልተኛ ነጋዴ ማስቆም መቻልና ያ ማስቆም ጦርነትን መግታቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለተኛው የሚወሰነው የሚታገደው ዕቃ በሌላ ሊተካ መቻል አለመቻሉ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጊዜ ነው። ኩሽኔታን በንድፍ ማሳነስ ይቻላል፤ ነዳጅ የሌለው ጭነት መኪና ግን የሚለወጥ ንድፍ የለውም።

ዛሬ የድንጋይ ከሰሉን ቦታ የያዘው ዶላር ነው። የፈረንሳዩ ቶታል በ2017 ሐምሌ በኢራን የደቡብ ፓርስ የጋዝ መስክ 50.1 በመቶ ድርሻ ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት አሜሪካ ከኢራን የኑክሌር ስምምነት ወጣች። ፈረንሳይና የአውሮፓ ኅብረት አልወጡም፤ እንዲያውም ኅብረቱ ኩባንያዎቹ ለአሜሪካ ማዕቀብ እንዳይታዘዙ የሚከለክለውን የ1996 ደንቡን በነሐሴ አድሶ አወጣ። ቶታል ከዚያ በፊት በይፋ የተናገረው ቁጥር ነበረው፦ ከገንዘብ ማግኛ ሥራው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአሜሪካ ባንኮች ያሉበት ነው፣ ከባለአክሲዮኖቹ ከ30 በመቶ በላይ አሜሪካውያን ናቸው፣ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት አሜሪካ ውስጥ አለው። በነሐሴ ከኢራን ወጣ። የራሱ አገር ሕግ አትታዘዝ እያለው ታዘዘ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ቢ ኤን ፒ ፓሪባ የተባለው ባንክ ከሱዳን፣ ከኢራንና ከኩባ ጋር ባደረገው የዶላር ዝውውር ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር መቀጣቱን ሁሉም አይቷል። አውሮፓውያን ያለ ዶላር ከኢራን ጋር ለመነገድ በ2019 ጥር ያቋቋሙት ኢንስቴክስ የተባለ ድርጅት አንድ ግብይት ብቻ ፈጽሞ በ2023 ተዘጋ። በሕግ የተደገፈ ገለልተኛነት እንኳ በሒሳብ ካልተደገፈ የትም እንደማይደርስ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ሩስያ ዩክሬንን በወረረች ማግስትም የታየው ይኸው ነው። ስዊዘርላንድ የካቲት 28 ቀን 2022 የአውሮፓ ኅብረትን ማዕቀብ ተቀበለች፤ ቱርክ አልተቀበለችም። ቱርክ ማዕቀብ ባትጥልም፣ በዚያው ዓመት መስከረም የአሜሪካ ግምጃ ቤት ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ኢሽባንክና ዴኒዝባንክ ሚር የተባለውን የሩስያ የክፍያ ካርድ መቀበል አቆሙ፤ ወሩ ሳያልቅ የመንግሥት ባንኮቹም ተከተሉ። በ2023 ታኅሣሥ ዋሽንግተን የሩስያን የጦር ኢንዱስትሪ የሚያገለግል የውጭ ባንክ ከዶላር ሥርዓት ሊወጣ እንደሚችል ስታውጅ፣ ከቱርክ፣ ከኤምሬትስና ከቻይና የሚሄደው ክፍያ መጓተት ጀመረ። በልዩ ጥብቅነት እንዲጠበቁ ከተዘረዘሩት ዕቃዎች መካከል ኩሽኔታ አሁንም አለ። ግን እዚህ ላይ አዲስ ነገር ገብቷል። የሚታጣ ነገር ያላቸው ትልልቅ ባንኮች ሲሸሹ፣ ምንም የማያጡ ድርጅቶች በቦታቸው ይፈለፈላሉ፤ ትናንት የተመዘገቡ፣ አንድ ቢሮና አንድ ሒሳብ ብቻ ያላቸው፣ ስማቸው ጥቁር መዝገብ ላይ ሲወጣ ነገ በሌላ ስም የሚከፈቱ። ነዳጁም ለንደን በማይታወቅ መድን በአሮጌ መርከቦች ይጫናል። ይህ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ወሰኑን ያሳያል። በሒሳቡ የሚያዝ ሒሳብ ያለው ብቻ ነው።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ከባዱ የፍትሕ ጥያቄ ነው። በሒሳብ ማስገደድ ከሠራ፣ የሚሠራው ዶላሩንና ባሕሩን ለያዘው ኃይል ነው፤ ጉዳዩ ትክክል ይሁን አይሁን ሒሳቡ አይጠይቅም። የተፈራ ባንክ ደግሞ ከታዘዘው በላይ ይርቃል፤ መድኃኒት ለኢራን መሸጥ በሕግ ከማዕቀቡ ነጻ ሆኖ ሳለ ክፍያውን የሚያስተላልፍ ባንክ በመጥፋቱ የተጎዱት ሕሙማን ናቸው። ለዚህ የሚያረካ መልስ አለኝ አልልም። አንድ ነገር ግን ማለት እችላለሁ፤ ይህ መሣሪያ የጠንካሮች መሆኑ፣ ጠንካሮቹ ላልተጠቀሙበት ጊዜ ተጠያቂ እንዳይሆኑ አያደርጋቸውም። ከምር ሲፈልጉ የሰውን አገር ኩባንያ በሳምንታት ማስፈረም እንደሚችሉ በታሪክ አሳይተዋል፤ ስለዚህ ገለልተኛው እምቢ አለን ሲሉ፣ በምን ጠየቃችሁት ብሎ መልሶ መጠየቅ የተጎዳው ሕዝብ መብት ነው።

ለኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ በቁጥር ሊቀርብ ይችላል። የነዳጁ ዕገዳ የሚወሰንበት ስብሰባ ለኅዳር መጨረሻ 1935 ተቀጥሮ በፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር በላቫል ጥያቄ ተላለፈ፤ ቀጥሎ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆርና የላቫል ኢትዮጵያን የማካፈል ዕቅድ መጣና ነገሩን አዳፈነው። ማኅበሩ ያቋቋመው የነዳጅ ባለሙያዎች ኮሚቴ በየካቲት 12 ቀን 1936 ባቀረበው ዘገባ፣ ዕገዳው በአባላቱ ቢጣልና አሜሪካ ሽያጯን ወደ ቀድሞ መጠኑ ብትመልስ ከሦስት እስከ ሦስት ተኩል ወር ውስጥ እንደሚሠራ ገመተ፤ አሜሪካ ካልተገደበች ግን ለጣልያን ነገሩን ከማክበድና ከማስወደድ አያልፍም አለ። ዋናዋ ሻጭ ሮማንያ ሌሎች ከተባበሩ እተባበራለሁ ብላ ነበር። ሙሶሊኒ ራሱ፣ ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ መውጣት ግድ ይሆንብኝ ነበር ብሎ በ1938 ለሂትለር እንደነገረው አስተርጓሚው ፓውል ሽሚት ጽፏል። ንግግሩ ተጋኖ ሊሆን ይችላል፤ የኮሚቴው ስሌት ግን በቀዝቃዛ አእምሮ የተሠራ ነው። ማዕቀቡ በተጀመረበት ቀን፣ ኅዳር 18፣ ነዳጁ ተጨምሮበት የአሜሪካም ኩባንያዎች እንደ ሪኬት ውል ጊዜ ተጠርተው ቢሆን፣ ሦስት ወር ተኩሉ የሚያልቀው በመጋቢት መጀመሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር ነበር። ማይጨው የተዋጉት መጋቢት 31 ቀን ነው።

ከማይጨው በኋላ የጣልያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚያዘምተውን ሰልፍ አዘጋጀ። ሚያዝያ 26 ቀን 1936 በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች ተነሡ፤ ቅኝ ገዢ ኃይል እስከዚያ ድረስ አፍሪካ ውስጥ አሰልፎት የማያውቀው የመኪና ብዛት። ጣርማ በር ላይ ሰልፉ ቆመ። ያቆመው የነዳጅ እጦት አልነበረም፤ ኢትዮጵያውያን ገደሉ ላይ መንገዱን በፈንጂ ንደውት ስለነበር ነው። ወታደሩ ወርዶ ድንጋይና አፈር በእጁ እየተቀባበለ የተናደውን ሞላ፤ ሞተሮቹ እንደገና ተነሡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በዝናብ ውስጥ አዲስ አበባ ገቡ።